ከሶኬት ወደ አጥንት፦ ሰው ሠራሽ እግሬን የቀየርኩበት መንገድ

እግሬ የተቆረጠው ከጉልበቴ በላይ ነው። ለዓመታት የተራመድኩት ሰው ሠራሽ እግሬ በተያያዘበት፣ ቀሪውን ጭኔን እንደ ጓንት አጥብቆ በሚይዝ ማቀፊያ፣ ማለትም በሶኬት ነበር። ሲሞቅ ያልበኛል፣ ስከሳ ይላላል፣ ስወፍር ያንቀኛል። ስቀመጥ ጠርዙ ብሽሽቴን ይወጋኛል። ቆዳዬ የቆሰለ ቀን ደግሞ እግሩ ጥግ ይቆማል፣ እኔ ቤት እውላለሁ።

እግሩን በቀጥታ ከአጥንት ጋር ማያያዝ ይቻላል ሲሉኝ አላመንኩም። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ቲታኒየም የሚባለው ብረት ከአጥንት ጋር እንደሚዋሃድ ደርሶበት፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ለጥርስ ተጠቀመበት። ለተቆረጠ ጭን የተሞከረው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው።

የእኔ ቀዶ ሕክምና የተሠራው በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ ቲታኒየሙ ጭን አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ቁስሉ ተዘጋ። ከወራት በኋላ፣ አጥንቱ ሲይዘው፣ ቆዳዬን አልፎ የሚወጣውና ሰው ሠራሽ እግሩ የሚያያዝበት ዘንግ ተገጠመ።

ትዕግሥት የሚጨርሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛን አምጥቼ ዘንጉን ቀስ አድርጌ እጫንበታለሁ። የታዘዘልኝ ኪሎ ላይ ሲደርስ አቆማለሁ። ካላመመኝ ትንሽ ይጨመራል፤ ካመመኝ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ፊዚዮቴራፒስቷ «አጥንትህን አታጣድፈው» ትለኝ ነበር። እኔ ግን መጣደፍ አምሮኝ ነበር።

ትልቁ ለውጥ መራመዱ ይመስላችኋል? ለእኔ መቀመጡ ነው። ወንበር ላይ እንደ ልቤ እቀመጣለሁ። እግሩን ለመግጠም ደቂቃም አይፈጅብኝም። ምንጣፍና ጠጠር ስረግጥም ልዩነቱ በአጥንቴ በኩል ይሰማኛል። ይሄኛውን አልጠበቅኩትም።

ዋጋም አለው። ዘንጉ የሚወጣበት ቀዳዳ መቼም አይዘጋም። በየቀኑ በውሃና በሳሙና አጥባለሁ። ፈሳሽ አያጣውም፣ አንዳንዴም ያመረቅዛል። አብዛኛውን ጊዜ በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ አጥንት ድረስ ከዘለቀ ግን ብረቱ እስከመውጣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳው ደህና በሆነ ቀን ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ሲቀላ ከፎቶው ጋር አነጻጽረዋለሁ፣ ካልተመሳሰለ ለሐኪሜ እደውላለሁ። ሩጫና ዝላይ ተከልክያለሁ። ማታ እግሩን ሳወልቅ ዘንጉ አብሮኝ ይተኛል፣ አንሶላም ይይዛል።

እኔም ቀዶ ሕክምናውን ልሠራ ወይ የሚለኝ ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሶኬቱ ነው። ከተመቸህ ባትነካው እላለሁ። ካቆሰለህ ግን ሲጋራህን አቁመህ፣ ስኳርህን ተመርምረህ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ለዓመታት የሚከታተልህ ሐኪም መኖሩን አረጋግጠህ ጀምር።