«ማስተካከያ» የሚል ኮሚት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጻፍኩትን ኮድ ሳገላብጥ፣ ፋይል ወደ ሰርቨር ከመላኩ በፊት ፕሮግራሙ 3 ሰከንድ እንዲጠብቅ የሚያዝ መስመር አገኘሁ። ጥቅሙ ስላልታየኝ ማን፣ ስለምን እንደጨመረው ለማወቅ ጊት ብሌምን (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ጊት፣ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳይበትን ትእዛዝ) ብጠይቅ፣ ጸሐፊው እኔው ራሴ ሆኜ ተገኘሁ፤ ከኮሚቱ፣ ማለትም ከተመዘገበው ለውጥ፣ ጋር የሰፈረው መልእክት ግን «ማስተካከያ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። መስመሩን ሰረዝኩት። ከሁለት ቀን በኋላ የተቆረጡ ፋይሎች ወደ ሰርቨሩ መድረስ ሲጀምሩ ነው የጥበቃው ምክንያት የገባኝ፦ ፋይሉን የሚያዘጋጀው ሌላ ፕሮግራም ጽፎ ሳይጨርስ የእኛው እየቀደመ ይልከው ነበር።

ጊት ምን እንደተለወጠ፣ መቼና በማን እንደተለወጠ በመመዝገብ በኩል አይታማም። ስለዚህ «የጥበቃ መስመር ጨመርኩ» ብሎ መጻፍ ዲፉ (የተጨመሩና የተሰረዙ መስመሮች ዝርዝር) የሚያሳየውን መድገም ነው። ከኮዱ ላይ ሊነበብ የማይችለው ለውጡ ያስፈለገበት ምክንያት ነው፤ ያም በዕለቱ ካልተጻፈ፣ እኔ ላይ እንደደረሰው፣ ከጸሐፊው አእምሮም ይጠፋል። መስመሩን ስመልሰው ርእሱን «ፋይሉ ተጽፎ እስኪያልቅ ጠብቅ» አልኩና ከሥሩ እንዲህ አሰፈርኩ፦ «አዘጋጁ ፕሮግራም ሳይጨርስ ስለምንልክ የተቆረጡ ፋይሎች ይደርሱ ነበር። ማለቁን የሚያሳውቅ ምልክት ስለሌለን ለጊዜው 3 ሰከንድ እንጠብቃለን፤ ምልክቱ ሲገኝ ይህ ይነሳ።»

ስለ ቅርጹ ብዙ መከራከር አልወድም። ርእሱ ከ50 ፊደል ባይበልጥ፣ የማብራሪያው መስመሮችም በ72 ፊደል ቢገደቡ የሚለው ልማድ በቂ ነው። በርእሱና በማብራሪያው መካከል ያለው ባዶ መስመር ግን ጌጥ አይደለም፤ ጊት እስከ መጀመሪያው ባዶ መስመር ያለውን ሁሉ እንደ ርእስ ስለሚቆጥር፣ መስመሩ ከተዘነጋ ኮሚቶችን በየርእሳቸው በሚያሳየው አጭር ዝርዝር ውስጥ ሁሉም ተያይዞ ይወጣል። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ለሊኑክስ ከርነል (ለሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ነው፤ በዚያ ፕሮጀክት ለውጦች በኢሜይል ስለሚላላኩ የኮሚቱ ርእስ የኢሜይሉም ርእስ ይሆናል። አንድ መስመር ለለወጠ ኮሚት በርካታ አንቀጽ ማብራሪያ መጻፍም በዚያ የተለመደ ነው።

ርእሱ አልጨመቅ ሲል ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቃላት አይደለም። «እና» እያሉ መቀጠል ካስፈለገ፣ ሁለት የተለያዩ ለውጦች በአንድ ኮሚት ታጭቀዋል ማለት ነውና መነጣጠል ይሻላል። የዚህ ዋጋ የሚታየው በጊት ባይሴክት፣ የኮሚቶችን ታሪክ እያጋመሰ በሚፈትሸው መሣሪያ፣ ስሕተት ሲታደን ነው፤ መሣሪያው ከ1,000 ኮሚቶች መካከል ጥፋተኛውን በ10 ገደማ ሙከራ ለይቶ ያወጣል፤ የተገኘው ኮሚት ግን «የሳምንቱ ሥራ» የሚል ርእስ ይዞ 40 ፋይሎችን የነካ ከሆነ ፍለጋው ገና መጀመሩ ነው።

ምክንያቱ በኮዱ ውስጥ በኮሜንት (ለአንባቢ ብቻ በሚጻፍ ማስታወሻ) ቢጻፍ ይበቃል የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ኮሜንት ከመስመሩ አጠገብ መገኘቱ ጥሩ ነው፤ ዳሩ ግን ኮዱ ሲለወጥ እሱ ሳይታደስ ይቀርና አንባቢን ያሳስታል፤ የኮሚት መልእክት ግን ከዚያ ዕለት ለውጥ ጋር ታስሮ ይኖራል። ለ3 ሰከንዷ መስመር ሁለቱንም ጽፌላታለሁ።