በእጅ የዞረው ፕሮፔለር

አባቴ በደብረ ዘይት አየር ኃይል የሞተር ቴክኒሻን ነበሩ። እጃቸውን ያፍታቱት ሳፊር በምትባለው የስዊድን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ላይ ነው። ሳፊር በስዊድንኛ ሰንፔር ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1947 እ.ኤ.አ. አንዲት ሳፊር ከስቶክሆልም አስነሥተው የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ እንዳደረሷት አባቴ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር፤ 31 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው በረራ ነው። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ሆኖ የምኖረው ሳፊር ከተሠራችበት ከስዊድኗ ከተማ ከሊንሾፒንግ ብዙም ሳልርቅ ነው። አንዷን ገዝቼ በተወለደችበት ሰማይ ላይ መልሼ ለማብረር የተነሣሁት ስለዚህ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ለትዝታ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ዓመት ተኩል ባላጣሁ ነበር።

ኦስትሪያ ከ1964 ጀምሮ አብራሪዎቿን ያሠለጠነችው 91ዲ በሚባለው የሳፊር ዓይነት ነው። የእኔዋ ከነዚያ አንዷ ናት፤ ከጦሩ ወጥታ በግል እጅ ነበረች። ክንፎቿን ፈትተን በጭነት መኪና አመጣናት። ከቀድሞው አገር መዝገብ መሠረዟን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ሳይኖር ሌላ አገር አይመዘግባትም፤ ስለዚህ ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ። ተጣጣፊ እግሮቿን በክሪክ አንሥተን ደጋግመን አጥፈን ዘረጋን። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቿን በሙሉ ቀየርኩ። ይህ ሁሉ አድካሚ ነው እንጂ አስቸጋሪ አይደለም።

ያቃጠለኝ ሞተሩ ነው።

ሞተሩ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ላይካሚንግ የተባለው አምራች የሠራው ባለ አራት ሲሊንደር ኦ-360 ነው። ሙሉ እድሳት ከተደረገለት በኋላ የሠራው 400 ሰዓት እንኳ አይሞላም። አምራቹ ለዚህ ሞተር ያስቀመጠው የእድሳት ገደብ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። እኔ ያየሁት ሰዓቱን ብቻ ነው። ሻጩ የሞተሩን መዝገብ ዘርግቶ ሲያሳየኝ ልቤ በደስታ ሞላ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀለምና በተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት፣ ቀን ከተጻፈ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደገማል፤ «ፕሮፔለሩ በእጅ ዞሯል»። ገጹን ገልብጬ ቀጣዩም እንደዚያው፣ ሌላውም እንደዚያው። እንዲህ የሚንከባከብ ሰው የት ይገኛል ብዬ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ያ መዝገብ የበሽታው ታሪክ መሆኑን አላወቅኩም።

በዚህ ሞተር ውስጥ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍት የተቀመጠው ከኮሎው፣ ማለትም ፕሮፔለሩን ከሚያዞረው ዋና ዘንግ፣ በላይ ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ካምሻፍቱ ላይ የሚቀረው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ፕሮፔለሩን በእጅ ስታዞሩ ሞተሩ ዘይት አይረጭም፤ ያለውንም ስስ ሽፋን ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ ይጠርገዋል። ከዚያ እርጥበት ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል። አምራቹ ራሱ ቆሞ የሰነበተ ሞተርን በእጅ ማዞር አይመከርም ብሎ ጽፏል። ያ ደግ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩን ሲጎዳው ኖረ።

ቢሆንም እርሱን አልወቅስም። የምወቅሰው ገንዘብ ከፍዬ ያስመረመርኩትን ባለሙያና ራሴን ነው። መርማሪው በካንዴላ ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ አስገብቶ ሲሊንደሮቹን አየ፣ የግፊት መጠናቸውን ለካ፣ «ሰዓቱ ገና ነው፤ 12 ዓመቱ ደግሞ ለግል በረራ አያስገድድም። አትንካው፣ አስነሣውና ዘይቱን ተከታተል» ብሎ ፈረመ። ደንቡን በተመለከተ አልተሳሳተም። ነገር ግን በካንዴላ ቀዳዳ የሚገባ ካሜራ ካምሻፍቱን አያሳይም፤ ይህን እርሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የሞተር ቴክኒሻን ልጅ ነኝ፤ መፍቻ ይዤ አንድ ሲሊንደር ማውጣት ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅብኝም ነበር። ፊርማውን ስላየሁ ብቻ ተውኩት።

አስነሣናት። ድምፅዋ ያማረ ነበር። መሬት ላይ እንዳለች አሥር ሰዓት ያህል አሠራናት፤ ይህም ሌላ ስሕተት ነው፤ መሬት ላይ ብቻ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ በቂ ሙቀት ስለማይደርስ የተጠራቀመው ውኃ ተንኖ አይወጣም። ከዚያ የዘይቱን ፊልትሮ ቆርጬ ወረቀቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋሁት። የዓሣ ቅርፊት የመሰሉ ብልጭልጭ ስባሪዎች። ማግኔት ሳስጠጋ ተነሥተው ተለጠፉ። አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ አይለጠፍም፤ ይህ የካምሻፍቱና የቫልቭ ገፊዎቹ ብረት ነው።

የዚህ ሞተር ቫልቭ ገፊዎች ጫፋቸው እንደ እንጉዳይ የሰፋ ስለሆነ ሞተሩ ለሁለት ሳይከፈል አይወጡም። በቀላሉ ቀይሬ ልለፍ ማለት የለም። ሞተሩ ተፈታ፣ ተላከ፣ ወረፋ ጠበቀ። ለእድሳቱ የከፈልኩት ለአውሮፕላኗ ከከፈልኩት ሊስተካከል ጥቂት ነው የቀረው።

ለአባቴ ቢሾፍቱ ደውዬ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እኛ ዘንድ ቆሞ የሚሰነብት ሞተር መጠበቂያ ዘይት ተሞልቶ ይታሸጋል፣ ፕሮፔለሩ ላይ ‹አትንካ› የሚል ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ለምን ሳትጠይቀኝ ቀረህ?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ስለዚህ የቆመ አውሮፕላን ልትገዙ ከሆነ የሞተሩን ሰዓት ሳይሆን የተኛበትን ዘመን ጠይቁ። 12 ዓመቱ ለግል በረራ አያስገድድም የሚላችሁ ሁሉ ደንቡን ይነግራችኋል እንጂ ብረቱን አይነግራችሁም፤ እኔ እንደ ግዴታ ቁጠሩት እላለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሲሊንደር ይውጣና ካምሻፍቱን በዓይናችሁ እዩት። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ አውሮፕላን ፈልጉ። ገዝታችሁ የማትበርሩበት ክረምት ከመጣም አሽጉት፤ ወይም አብርሩት። መሃል ቤት የለም።

የሙከራ በረራው ቀን ደመናው ከፍ ያለ፣ ነፋሱ ለስላሳ ነበር። ልምድ ያለው አብራሪ ይዟት ተነሣ። እግሮቿን አጥፋ ከጥዶቹ በላይ ስትዞር ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ለአባቴ ድምፅዋን አሰማኋቸው። ካረፈች በኋላ እንዴት እንዳማረች ልነግራቸው ጀመርኩ፤ አቋረጡኝ።

«ዘይቱ ስንት ዲግሪ ደረሰ?»

«ሰማንያ።»

«ስንት ደቂቃ ቆየ?»

«አርባ ደቂቃ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ጻፈው» አሉኝ። በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፍኩት።