ግንቦት ሲገባ በድሬ ግቢ ውስጥ የሚታዩ ወፎች

የበልጉ ዝናብ ቆም ብሎ ሙቀቱ ሲበረታ ድሬዳዋ ላይ ወፍ ለማየት ከግቢ መውጣት አያስፈልግም። ጥላ ያለው ኒም ወይም ማንጎ ካለና ከሥሩ ውሃ ከተቀመጠ ራሳቸው ይመጣሉ። ማሽላ መበተኑን ግን አልመክርም፤ ቀን ርግብና ድንቢጥ፣ ማታ ደግሞ አይጥ ይሰበስባል።

ለውሃው ሰፋ ያለ የሸክላ ጣባ ይሻላል። ብረት በፀሐይ ይግላል፣ ፕላስቲክ ያንሸራትታል። ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ መሐሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ ቢቀመጥ ትንንሾቹ ይቆሙበታል። ከቁጥቋጦው 2 ሜትር ያህል ይራቅ። ከቀረበ ድመት ታደባለች፣ በጣም ከራቀ ደግሞ ወፎቹ መሸሸጊያ አጥተው ይፈራሉ። ውሃው በየቀኑ ይደፋ። መድፋት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዴንጊ የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብላ በዕቃው ግድግዳ ላይ ስለምትለጥፍ፣ እንቁላሉም ደርቆ ለወራት ስለሚቆይ፣ በሳምንት ሁለቴ ዳርቻውን በብሩሽ መፈተግ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ የገባባት ከተማ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

በዚህ ወቅት የግቢው ጌታ የሩፔል ሸማኔ ወፍ ነው። ወንዱ ቢጫ ሆኖ ፊቱ ላይ እንደ ጭንብል ያለ ጥቁር ቡናማ አለው፤ ሴቷን ከድንቢጥ ለመለየት ግን ዓይን ይጠይቃል። ወንዱ የሣር ወይም የዘንባባ ቅጠል ጠርዙን በምንቃሩ ነክሶ ይበራል፤ ቅጠሉ በረጅሙ ይተረተርና ክር ይሆንለታል። እርጥብ ቅጠል ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ደረቁ ሲታጠፍ ይሰበራላ። የጎጆው አፍ ወደ ታች ነው። ሴቷ ገብታ ትፈትሻለች፤ ካልወደደችው ጎጆው ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ወንዱም ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ዛፉ ሥር የወደቀ ጎጆ ሁሉ የቁራ ሥራ አይደለም።

ሬት ያበበበት ግቢ ደግሞ ቀጭን ቆልማማ ምንቃር ያላት፣ የአበባ ማር የምትመጥ ወፍ አትጠፋም። የወንዱ ራስና ጀርባ ላይ ያለው አረንጓዴ የሚያበራው ፀሐይ በትክክለኛው ማዕዘን ሲያገኘው ነው፤ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል።

እስከ ግንቦት መጀመሪያ ወደ አውሮፓ የሚመለሱ ንብ በል ወፎች በከፍታ ያልፋሉ። በድምፅ ነው የሚታወቁት፣ ቀና የሚባለው ከሰሙ በኋላ ነው።

ሐረር ሲወጡ ጀጎል ውስጥ ስጋ ተራው ላይ የሚያንዣብቡትን ጭልፊቶች ምንቃር ይመልከቱ። ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ የአገሩ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ከሥሩ ቢጫ ሆኖ የቀረው ጥቁር ነው፤ ግንቦት ላይ አብዛኛው ሄዷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የአገሩ ጫጩትም ገና ሳይጎለምስ ምንቃሩ ጥቁር ነው።