ለቃለ መጠይቅ ጥሪ መልስ መስጠትን የተማርሁበት መንገድ

የመጀመሪያው የቃለ መጠይቅ ጥሪ በኢሜይል ሲደርሰኝ የሰጠሁት መልስ አራት ቃል ብቻ ነበር፦ «በጣም አመሰግናለሁ፤ በሰዓቱ እገኛለሁ።» ጨዋነት አልጎደለውም፤ የፊደል ግድፈትም አልነበረበትም። ይሁን እንጂ ጥሪው ሁለት አማራጭ ቀናትን ጠቅሶ «ከሁለቱ የሚመችዎትን ይግለጹልን» ይል ነበር። እኔ ከደስታዬ ብዛት የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ አንብቤ ወደ መልሱ ስለ ተሻገርሁ ይህን ጥያቄ አላየሁትም። አስተባባሪዋ በማግስቱ የትኛውን ቀን እንደ መረጥሁ ጠይቀው ጻፉልኝ። ያንን መልእክት የከፈትሁት ግን ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ የኢሜይል ሳጥኔን መመልከት ትቼ ስለ ነበር ከ3 ቀን በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ቀናት በሌሎች አመልካቾች ተይዘው ነበር፤ የደረሰኝ የመጨረሻ ደብዳቤም በትሕትና የተጻፈ፣ ነገር ግን በሩን የዘጋ ነበር።

ለጥቂት ሳምንታት ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ሳላክክ ከቆየሁ በኋላ ደብዳቤውን እንደገና አነበብሁት። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር፣ እኔ መልስ መስጠትን እንደ ምስጋና አድርጌ መቁጠሬን፣ እነርሱ ግን የሚጠብቁት ማረጋገጫ መሆኑን ነው። በጥሪው ማዶ ያለው ሰው የአመልካቾችን ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ጠያቂዎችን የያዘ ሠንጠረዥ ፊት ለፊቱ አድርጎ ተቀምጧል። የእኔ መልስ ሲደርሰው ስሜ ካለበት መስመር ላይ አንድም ባዶ ቦታ ሳይቀር መሙላት ካልቻለ፣ ምስጋናዬ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ሥራ ጨምሬበታለሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥሪ ከወራት በኋላ ሲመጣ ወዲያው አልመለስሁም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ በመጀመሪያው ንባብ ማን እንደ ጻፈውና ለየትኛው የሥራ መደብ እንደሆነ፣ በሁለተኛው ከእኔ የሚጠየቀው ምን ምን እንደሆነ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሳይነገረኝ የቀረ ነገር መኖር አለመኖሩን ለማየት ነበር። ሦስተኛው ንባብ ብዙ ሰው የሚዘልለው ይመስለኛል። ደብዳቤው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቪዲዮ ስብሰባውን ማስፈንጠሪያ ይዟል፤ የትምህርት ማስረጃዬን ቅጂ አስቀድሜ እንድልክም ይጠይቃል። ያልተጻፈው ቃለ መጠይቁ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና የተግባር ፈተና እንዳለው ወይም እንደሌለው ነበር። ብዙ የምጠይቀው ነገር ቢኖረኝም፣ መልሱ ዝግጅቴን የማይለውጠውን ጥያቄ ሁሉ ሰረዝሁ። ደመወዝን፣ የዕረፍት ፈቃድንና የሥራ ሰዓትን የሚመለከቱት ጥያቄዎች በዚህ መንገድ ወጡ፤ ጊዜያቸው ገና ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሰዓቱ ነበር። ደብዳቤው በአማርኛ ተጽፎ «ማክሰኞ በ9፡00 ሰዓት» ይላል። በአማርኛ 9 ሰዓት ስንል ከቀትር በኋላ ያለውን ነው የምናስበው፤ በኮምፒውተርና በስልክ የቀን መቁጠሪያ ላይ ግን 9፡00 ማለት እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለው ነው። በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ጸሐፊው የትኛውን አስበው እንደ ጻፉ ከደብዳቤው ማወቅ አልቻልሁም። «የሥራ ሰዓት የሚጀመርበት ስለሆነ ጠዋት መሆን አለበት» ብዬ መገመት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ግምቴን ለራሴ ብቻ ይዤ ከቀረሁ ስሕተቱ የሚገለጠው በቀጠሮው ዕለት ነው። ስለዚህ በመልሴ ውስጥ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍሁት፤ ተሳስቼ ከሆነ ጸሐፊው ገና ሲያነቡት ያርሙኛል።

የሳምንቱን ዕለትና የወሩን ቀን አንድ ላይ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ፤ አንድ ጊዜ «ረቡዕ» የተባለው ቀን በቀን መቁጠሪያዬ ላይ ሐሙስ ሆኖ ስላገኘሁት ጠይቄ ማስተካከል ችያለሁ። ጠሪው በሌላ አገር ሲሆን ደግሞ የሰዓት ቀጠናው ይጨመራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያደርጉ አገሮች አሉ፤ ጭራሽ የማይለውጡም አሉ። ባለፈው ጊዜ የነበረው ልዩነት አሁንም ያው ነው ብሎ ማሰብ ስለማያዋጣ፣ «በእናንተ ሰዓት» ወይም «በእኔ ሰዓት» ብሎ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከደብዳቤው ጋር «ተቀበል» የሚል አዝራር ያለው የቀን መቁጠሪያ ግብዣ ተያይዞ ነበር። አዝራሩን መጫን ቀጠሮውን በስልኬ ላይ ያሰፍርልኛል፤ ለጠሪውም መቀበሌን የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ ይልካል። ነገር ግን የተጠየቀውን ማስረጃ አያያይዝልኝም፤ ጥያቄዬንም አያቀርብልኝም። ስለዚህ አዝራሩንም ተጫንሁ፤ መልሱንም ጻፍሁ።

ቀጥሎ የመጣው ጉዳይ ማንን እንዴት ልጥራ የሚለው ነበር። ከደብዳቤው ግርጌ ያለው ስም የወንድም የሴትም ሊሆን የሚችል ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብሎ ዕድልን መሞከር አያስፈልግም፤ «ለተከበሩ» ብሎ ሙሉ ስምንና የሥራ ኃላፊነትን ማስከተል ይበቃል። በአማርኛ ግሥ ላይ ጾታ ስለሚታይ በ«አንተ» እና በ«አንቺ» መካከል መምረጥ ግድ ይላል፤ «እርስዎ» ግን ከዚህ ጣጣ ያወጣናል። ደብዳቤው ለክፍሉ ኃላፊም በግልባጭ ተልኮ ስለ ነበር መልሴን ለሁለቱም አደረግሁት፤ ለአንዱ ብቻ ብመልስ ኖሮ ኃላፊው መልስ እንዳልሰጠሁ ሊቆጥሩት ይችሉ ነበር። የርእሱን መስመር አልነካሁም። አዲስ ርእስ ያለው አዲስ ኢሜይል ከጥሪው ተነጥሎ ይቀመጣል፤ በዚያው ላይ ሲመለስ ግን ሁለቱ ተያይዘው ይገኛሉ። በመልስ ኢሜይል ርእስ ፊት የሚታየው «ሪ» የሚለው ምልክት ከላቲን የመጣ ሲሆን «ስለ ጉዳዩ» እንደ ማለት ነው፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አናት ላይ «ጉዳዩ፦» ብለን ከምንጽፈው ብዙም አይርቅም።

የመጀመሪያ ረቂቄ ከገጽ እኩሌታ በላይ ነበር። ሳነበው «ይህን ዕድል በመስጠት እንድትተባበሩኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁበት። ይህ የማመልከቻ ደብዳቤ ልማድ ነው፤ በእጃችን ላይ ስለ ለመደ ሳናስበው ይወጣል። ዕድሉ ግን ተሰጥቶኝ ነበር፤ የተሰጠውን ነገር መልሶ መለመን ደብዳቤውን በሚገባ እንዳላነበብሁ ከማሳየት በቀር ጥቅም የለውም። አክብሮትና ልመና ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የሥራ ልምዴን የሚደግመውን አንቀጽም አወጣሁት፤ ያንን አንብበው ነው የጠሩኝ። ምስጋናው ሦስት ቦታ ነበር፤ አንዱን ብቻ ይዤ ሌሎቹን አወጣሁ። በመጨረሻ የላክሁት ይህ ነው፦

«ለመረጃ ትንተና ባለሙያ የሥራ መደብ ለቃለ መጠይቅ ስለ ጋበዙኝ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ግንቦት 26 ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በኮምፒውተር አቆጣጠር 9፡00) በላኩልኝ የቪዲዮ ማስፈንጠሪያ እንደምገኝ አረጋግጣለሁ። የጠየቁትን የትምህርት ማስረጃ ቅጂ ከዚህ መልእክት ጋር አባሪ አድርጌ ልኬያለሁ። ለዝግጅት እንዲረዳኝ ቃለ መጠይቁ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና የተግባር ፈተና እንዳለው ወይም እንደሌለው ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል። በዕለቱ የኢንተርኔት ግንኙነት ቢቋረጥ ከዚህ በታች ባለው ስልክ ሊያገኙኝ ይችላሉ። ከአክብሮት ጋር።»

ከዚህ በታች ሙሉ ስሜንና የስልክ ቁጥሬን አሰፈርሁ። ስሜ በማመልከቻዬ ላይ እንደ ተጻፈው ሆኖ እንዲጻፍ ተጠንቅቄያለሁ፤ የአያት ስም በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ሲቀር ወይም የፊደል አጻጻፉ ሲለያይ ፋይል የሚፈልገው ሰው ይቸገራል። የማስረጃውን ቅጂ በፒዲኤፍ አድርጌ የፋይሉን ስም በራሴ ስምና በሰነዱ ዓይነት ሰየምሁት፤ ስካነር በሰጠው የቁጥር ድርድር የተሰየመ ፋይል ከሌሎች አመልካቾች ፋይሎች ጋር ሲደባለቅ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ደብዳቤውን ያየሁት ወደ ማታ ነበር፤ መልሱን በዚያው ምሽት አርቅቄ በማግስቱ የሥራ ሰዓት ሲጀመር ላክሁት። ሌሊቱ ረቂቁን በቀዘቀዘ ዓይን እንዳየው ረድቶኛል። ከአንድ የሥራ ቀን በላይ ማቆየት ግን አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም። በጂሜይል ላይ የተላከ መልእክት እስከ 30 ሰከንድ ድረስ እንዳይሄድ ማስቀረት ይቻላል፤ ቅንብሩን አስቀድሜ ወደ 30 ማድረጌ በዚያን ዕለት ጠቅሞኛል፤ ምክንያቱም አባሪውን ሳላያይዝ ነበር የላክሁት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ አባሪውን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን፣ በመጨረሻ የተቀባዩን አድራሻ አስገባለሁ፤ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ በስሕተት አይሄድም።

ከቀትር በኋላ መልስ መጣልኝ። ጠዋት መሆኑን አረጋገጡ፤ 45 ደቂቃ እንደሚወስድና ከዚያ ውስጥ 15ቱ የተግባር ፈተና እንደሆነ ነገሩኝ። ፈተናው መኖሩን ባልጠይቅ ኖሮ አላውቅም ነበር፤ ሌሎቹ ተጠሪዎችም ያወቁት አይመስለኝም።

ቀን እንዲለወጥልኝ መጠየቅ ከማረጋገጥ ይልቅ ከብዶኝ ነበር። ሦስተኛው ጥሪ አስቀድሞ ከተያዘ ፈተናዬ ጋር በአንድ ሰዓት ዋለ። የመጀመሪያ ረቂቄ ፈተናው ምን እንደሆነ፣ ለምን ሊዘዋወር እንደማይችልና ምን ያህል እንዳዘንሁ የሚያትት ረጅም ጽሑፍ ነበር። ሳነበው ራሴን እየተከላከልሁ መሰለኝ፤ ማንም ግን አልከሰሰኝም። አሳጥሬ በመጀመሪያ ሥራውን እንደምፈልገውና በቃለ መጠይቁ መገኘት እንደምሻ፣ ቀጥሎ በተባለው ሰዓት ቀደም ብሎ የተያዘ ፈተና እንዳለብኝ፣ ከዚያም ልገኝ የምችልባቸውን 3 ጊዜያት ከነሰዓታቸው ጻፍሁ። «ሌላ ቀን ይሁንልኝ» ብቻ ብል ኖሮ ቀን የመፈለጉን ሥራ ለእነርሱ ትቼው ነበር። ከሦስቱ አንዱ ተመረጠ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀርብ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ቢገጥመኝ የራሴን ጉዳይ ብተው እመርጣለሁ።

በስልክ የመጣ ጥሪም ገጥሞኛል። መንገድ ላይ ነበርሁ፤ ጫጫታ ነበር። «አንድ ደቂቃ ይታገሡኝ» ብዬ ጸጥ ወዳለ ቦታ ፈቀቅ ካልሁ በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን እየደገምሁ አነበብሁላቸው፤ የደወሉትን ሰው ስምና የኢሜይል አድራሻም ጠየቅሁ። ያንኑ ቀን በኢሜይል ያረጋገጥሁት «በስልክ በተነጋገርነው መሠረት» ብዬ ጀምሬ ነው። አድራሻው መልስ የማይቀበል፣ ማሽን ብቻ የሚልክበት ዓይነት ሲሆን ደግሞ በደብዳቤው ውስጥ የተጠቀሰ ሌላ አድራሻ ወይም ስልክ ፈልጌ በዚያ እመልሳለሁ። ላልጠየቅሁት ሥራ የመጣ፣ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ጋር በማይመሳሰል አድራሻ የተላከ ወይም ከቃለ መጠይቅ በፊት ገንዘብ የሚጠይቅ ጥሪ ከሆነ ግን ምንም መልስ አልሰጥም።

መጨረሻ የጻፍሁት መልስ ከቃለ መጠይቅ መቅረቴን የሚገልጽ ነበር። ሥራ አግኝቼ ተስማምቼ ሳለ ቀድሞ ያረጋገጥሁት ሌላ ቀጠሮ 4 ቀን ቀርቶት ነበር። ዝም ብሎ መቅረት ቀላል ነበር፤ ያ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ግን ትዝ አለኝ። «ለዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይዘውልኝ የነበረውን የቃለ መጠይቅ ጊዜ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሌላ የሥራ ቅጥር ስለ ተቀበልሁ ከውድድሩ መውጣቴን አሳውቃለሁ። ሰዓቱን ለሌላ አመልካች ሊሰጡት ይችላሉ» ብዬ ላክሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አጭር መልስ ደረሰኝ፦ «ስለ አሳወቁን እናመሰግናለን፤ በተጠባባቂነት ለነበሩ አመልካች ሰጥተነዋል።»