«ከ10 ወር በታች»

ታማሚው በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነበር። ለሳምንታት ራሱን ሲያመው ቆይቶ አንድ ሌሊት በድንገት ይንፈራገጣል፤ በማግስቱ ታላቅ ወንድሙ ደግፎ እኔ የራዲዮሎጂ ሐኪም ሆኜ ወደምሠራበት ድሬዳዋ ያለ የግል ምርመራ ማዕከል አመጣው። ኮንትራስት የሚባለው መድኃኒት በደም ሥሩ ከተሰጠው በኋላ የተነሣው ኤምአርአይ አንጎሉ ውስጥ ያለውን ነገር ቁልጭ አድርጎ አሳየ፤ ዳር ዳሩ እንደ ቀለበት ያበራል፣ መሀሉ ጠቁሯል፣ ዙሪያውን ሰፊ እብጠት ከቦታል።

ማዕከሉ በዚያን ሰሞን አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየሞከረ ነበር። ፕሮግራሙ የሚያበራውን፣ የሞተውንና ያበጠውን ክፍል ለይቶ ይለካል፤ ቅርጹንና የምስሉን ሸካራነት ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ የታማሚውን ዕድሜ ይጨምርና ምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደሚቆይ ገምቶ ከሦስት ምድቦች በአንዱ ያስቀምጠዋል፦ ከ10 ወር በታች፣ ከ10 እስከ 15 ወር፣ ከ15 ወር በላይ። አመዳደቡ ብራትስ ከተባለው፣ የአንጎል ዕጢ ምስሎችን የሚተነትኑ ፕሮግራሞች ከሚፎካከሩበት ዓለም አቀፍ ውድድር የተወሰደ ነው።

ሾፌሩ «ከ10 ወር በታች» ተባለ። ይባስ ብሎ አንድ ሠራተኛ ውጤቱን አትሞ ለቤተሰቡ ሰጠ። ወንድሙ ወረቀቱን አጥፎ እንደያዘ ቢሮዬ ገባ።

«ዶክተር፣ ካለቀለት አይቀር ጭሮ እናታችን ዘንድ ልውሰደው። እዚያው ይረፍ።»

«የወንድምዎ በሽታ ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም። እባክዎ የትም አይውሰዱት» አልኩት። እጄ በንዴት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፕሮግራሙን ያመጣውን ወጣት ጠርቼ «ይህ ዕጢ መሆኑን በምን አወቀ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ቆየና «አያውቅም። ዕጢ ነው ብለን ነው የምንሰጠው» አለኝ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ፕሮግራሙ የመኖር ዕድሜን መገመት የተማረው ግሊዮብላስቶማ ከተባለው ክፉ የአንጎል ካንሰር ታማሚዎች ምስል ነው። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ቀለበት የቲቢ እባጭ፣ የመግል ቋጠሮ ወይም የኮሶ ትል እጭ ሊሆን ይችላል። ለፕሮግራሙ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ቀለበቱን ይለካል፣ ወር ይቆርጣል።

በሽታው በእርግጥ ግሊዮብላስቶማ ቢሆን እንኳ ወረቀቱ ለቤተሰብ የሚሰጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ታዋቂ ጥናት ከጨረር ሕክምና ጋር ቴሞዞሎማይድ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ከወሰዱት ታማሚዎች ግማሾቹ ከ14.6 ወር በላይ ኖረዋል። አንድ ሰው ከየትኛው ግማሽ እንደሚወድቅ ግን ከቁጥሩ አይነበብም።

የደረቱ ራጅ አጠራጣሪ ነበር፤ የአክታው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ቲቢ አረጋገጠ። የነርቭ ሐኪሙ የአንጎሉም ከዚያው ሳይሆን አይቀርም ብሎ የቲቢ መድኃኒቱን እብጠት ከሚቀንሰው ስቴሮይድ ጋር አስጀመረው። ከወራት በኋላ ባነሣነው ኤምአርአይ ቀለበቱ ተኮማትሮ፣ እብጠቱም ከሞላ ጎደል ጠፍቶ አየሁት። ሕክምናው ዓመት ያህል የሚወስድ ነውና መድኃኒቱን አላቋረጠም።

እንዲህ ያለ ምርምር ይቅር አልልም፤ እንዲያውም እዚሁ በእኛ ታማሚዎች ምስል ቢሠራ እወዳለሁ። አሁን ፕሮግራሙ የፓቶሎጂ፣ ማለትም የናሙና ምርመራ፣ ውጤት ካልገባለት አያሰላም፤ ያሰላውም ከሐኪሞች እጅ አይወጣም። ወጣቱም ዕጢውን ከቲቢውና ከመግሉ የሚለይ ሌላ ፕሮግራም ጀምሯል። እኔም በማዕከሉና በታማሚዎቹ ፈቃድ፣ ስማቸውን እየሰረዝኩ፣ ምርመራቸው የተረጋገጠላቸውን ሰዎች ምስሎች እመርጥለታለሁ።