ሮተርዳም ላይ 48 ካሬ ቤት የገዛሁበት መንገድ

የቤቴን ቁልፍ የተረከብኩት በፈረንጆቹ 2023 መገባደጃ ላይ ነው። ቤቱ ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ውስጥ፣ ከማስ ወንዝ በስተደቡብ፣ ካርኒሴ የሚባል ሰፈር ነው። 48 ካሬ ሜትር፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ጠባብ በረንዳ። ዋጋው 176,000 ዩሮ። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። የምሠራው ወደብ አካባቢ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ነው። ብቻዬን ነኝ፣ የምተማመነውም በአንድ ደሞዝ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው «ቤት መግዛት ለእኛ ዓይነቱ ሰው አይደለም» ብሎ ፍለጋውን ያቆመ ብዙ ወገን ስለማውቅ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው።

ካርኒሴን ሁሉም ሰው አይመርጠውም። ለሠራተኛ ቤተሰብ የተሠሩ የድሮ የጡብ ሕንጻዎች የተደረደሩበት ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው። አንዱን ደረጃ ቱርኩም፣ ፖላንዱም፣ ሱሪናሙም፣ ነባሩ ሆላንዳዊም ይወጣበታል። ረቡዕና ቅዳሜ አፍሪካንደር ገበያ ብትሄዱ ቃሪያውም ዝንጅብሉም በሽ ነው። ለእኔ ይህ ጉድለት አልነበረም። ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ከተማው በተወሰኑ ሰፈሮች ርካሽ ቤት ገዝቶ ወዲያው ማከራየትን ስለከለከለ፣ እንደኔ ሊኖርበት የሚፈልግ ሰው ትንሽ መተንፈሻ አግኝቷል።

መጀመሪያ የሄድኩት ቤት ለማየት ሳይሆን የብድር አማካሪ ዘንድ ነው። እዚህ የቤት ብድሩን ሂፖቴክ ይሉታል። ባንኩ የሚያበድረው ቢበዛ የቤቱን ሙሉ ግምት ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ወጪ ከኪስ መክፈል ግድ ነው። አማካሪዋ ገና ሳልቀመጥ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። ውልህ ቋሚ ነው? ዕዳ አለብህ? ዕዳ የለብኝም አልኩ። ሒሳቤ ግን ባዶ ሲሆንም እስከ 1,500 ዩሮ ማውጣት የሚያስችል ፈቃድ ነበረው። አንድም ቀን ባልነካውም፣ ባንኩ እንደ ዕዳ ቆጥሮ ልበደር ከምችለው ላይ ይቀንስብኛል። በዚያው ሳምንት አዘጋሁት። ቤት የምታስቡ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ አጣሩ።

ከኪስ የሚወጣውን ያገኘሁት ከዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች ነን፤ በወር 600 ዩሮ እንጥላለን። እጣው ሲደርሰኝ 7,200 ዩሮ ሆነልኝ። የፈራሁት ግን መጣ። እዚህ አገር ኖታሪሱ፣ ማለትም እንደኛ አገር ውልና ማስረጃ ስም የሚያዛውረው ባለሙያ፣ የገንዘቡን ምንጭ የማጣራት ግዴታ አለበት። በአንድ ቀን የገባ 7,200 ዩሮ ጥያቄ ያስነሳል። ያዳኑን የዕቁባችን ዳኛ ጋሼ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት «ልጆቼ፣ ጥሬ ብር ይቅር፣ ሁሉም በባንክ ይላክ» ብለው አስገድደውን ነበር። ያን ጊዜ አጉረምርሜ ነበር። የሁላችንንም ክፍያ የሚያሳይ የባንክ ወረቀትና ዕቁብ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደብዳቤ አያይዤ ሰጠሁ። ተቀበሉት። ጋሼን ደውዬ ሳመሰግናቸው «ቤቱ የበረከት ይሁንልህ» ብቻ ብለው ዘጉት።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ፤ ብዙ የተማርኩት ከእሱ ነው። ከዚህ ቤት በፊት ሌላ ቤት ላይ ፈርሜ ነበር። ኩሽናው አዲስ፣ ግድግዳው በነጭ ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ የሚያበራ። ማስታወቂያው ላይ «የወር መዋጮ 25 ዩሮ» ይላል። ርካሽ ነው ብዬ ደስ አለኝ። መዋጮው የሚገባው የሕንጻው ባለቤቶች ማኅበር ውስጥ ነው፤ ሆላንዶች ቬቬኤ ይሉታል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የውጭ ግድግዳውና መሠረቱ የሁሉም ነው። አንዱ ቢፈርስ ሁሉም ያዋጣል። አፓርታማ የገዛ ሰው ደግሞ በሕግ የማኅበሩ አባል ነው፤ አልፈልግም ማለት የለም።

ከ2018 ጀምሮ ሕጉ ማኅበሩ ለጥገና በየዓመቱ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ወይ የጥገና ዕቅድ አውጥቶ በዚያ መሠረት፣ ወይ ሕንጻውን እንደገና ለመሥራት የሚፈጀውን ወጪ ቢያንስ 0.5% ነው። ለምሳሌ ሕንጻው 1,200,000 ዩሮ የሚፈጅ ቢሆን በዓመት 6,000 ዩሮ መቀመጥ አለበት። ለስምንት ቤት ሲካፈል በወር ከ62 ዩሮ በላይ ይመጣል፤ ያውም ኢንሹራንሱ ሳይቆጠር። 25 ዩሮ እንግዲህ ከየት መጣ? ሰነዱ ሲደርሰኝ ገባኝ። ማኅበሩ ለዓመታት ስብሰባ አልጠራም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ አንድ የጣሪያ ቀዳዳ አይደፍንም።

በማግስቱ ሕንጻ መርማሪ ቀጥሬ አብረን ሄድን። ሰውዬው ኩሽናውን ዞር ብሎም አላየው። ውጭ ቆሞ ጡቡን ያይ ጀመር። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በጡቦቹ መሀል እንደ ደረጃ እየወረደ የሚሄድ ስንጥቅ ነበር። ስጎበኝ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ አላየሁትም። ቤት ስንገባ ከገበያ የያዝኩትን ፌስታል አየና «አንድ ብርቱካን አበድረኝ» አለኝ። መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ብርቱካኑ ጥቂት ቆየና ማንም ሳይነካው መንከባለል ጀመረ። በበሩ አልፎ ኩሽናው ቁምሳጥን ሥር ገብቶ ቆመ።

የሮተርዳም መሬት ለስላሳ ነው። ብዙ የድሮ ቤት መሬት ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው የቆመው። እንጨቱ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ አይበሰብስም። የከርሰ ምድር ውሃው ዝቅ ብሎ የምሰሶው ራስ አየር ሲያገኝ ግን ይበላል፤ ሕንጻውም መስመጥ ይጀምራል። ማስጠገኛው ለአንድ ቤት በአሥር ሺዎች ዩሮ ይቆጠራል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። መሠረቱ እንዲህ፣ የማኅበሩ ካዝና ባዶ። ያ ቤት ርካሽ አልነበረም።

ያዳነኝ ሕጉ ነው። እዚህ ቤት ገዢ የተፈረመው ውል ቅጂ ከደረሰው በኋላ የሦስት ቀን ማሰቢያ ጊዜ አለው። ምክንያት ሳይሰጥ፣ ሳይቀጣ መተው ይችላል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ከፈረቃ ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የመሰረዣውን ኢሜይል ላክሁ። አዝኜ ነበር። ያንን መስኮት በሐሳቤ መጋረጃ ሰቅዬለት ነበር።

ሁለተኛውን ቤት ገና ሳላይ ሻጩን የጠየቅሁት ወረቀት ነው። ያለፉት ሦስት ዓመታት የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ የካዝናው ሒሳብ፣ የጥገና ዕቅዱ፣ የመሠረት ምርመራ ካለ እሱም። የወር መዋጮው 95 ዩሮ ነው፤ በዚህኛው ነው ደስ ያለኝ። ኩሽናው ያረጀ ነበር። ግን ደረጃው ንጹሕ፣ የፖስታ ሣጥኑ ላይ ስም ሁሉ የተጻፈ። የተጠየቀው 169,000 ነበር፤ ከ7,000 ዩሮ ጭማሪ ጋር ተጫረትኩ። በጽሑፍ ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስገባሁ፤ ብድሩ ካልተፈቀደ ወይም ምርመራው ከባድ ችግር ካሳየ ውሉ ይቅር የሚል። ሰዎች «ቅድመ ሁኔታ ካስገባህ አትመረጥም» ይሉኛል። ባልመረጥ ይሻለኝ ነበር። ገማቹም 176,000 ብሎ ስለጻፈ ከራሴ የምጨምረው ልዩነት አልነበረም።

ቤቱ ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ በብሔራዊ የብድር ዋስትናው ገባሁ። የብድሩን 0.6% ከፈልኩ፤ ወለዱ ግን ቀነሰልኝ። ሥራ አጥቼ ወይም ታምሜ ቤቱ በኪሳራ ቢሸጥ ዋስትናው ቀሪውን ዕዳ ሊሸፍንልኝ ይችላል። ለአማካሪ፣ ለገማች፣ ለሁለት ምርመራ፣ ለኖታሪስና ለዋስትና ከኪሴ የወጣው ወደ 6,700 ዩሮ ነው። የ2% የዝውውር ግብሩን አልከፈልኩም። ዕድሜው 35 ያልሞላ የመጀመሪያ ገዢ ከዚያ ነፃ ነው፤ የሚቆጠረው ደግሞ ኖታሪስ ዘንድ ስም የሚዛወርበት ቀን ነው። እኔ 35 ሊሞላኝ ሰባት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። 3,520 ዩሮ ማለት ነው። ቀን ቁጠሩ።

ዛሬ ለባንኩ በወር 840 ዩሮ አካባቢ እከፍላለሁ። የማኅበራችንን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ስብሰባው የሚካሄደው ምድር ቤት በሚኖሩት የሱሪናም እናት ሳሎን ነው፤ ሻይና ኬክ ሳይቀርብ አጀንዳ አይከፈትም። ባለፈው ዓመት ከላይ ያሉት ፖላንዳዊ ባልና ሚስት መዋጮው በ15 ዩሮ እንዲጨምር ሐሳብ አቀረቡ። ስምንታችንም እጅ አወጣን። በሚቀጥለው ጸደይ የጣሪያው ሬንጅ ይቀየራል፤ ከሦስት ሥራ ተቋራጭ ዋጋ አስገብቻለሁ።