የአብራሪዎቹ ደብተር፣ ስምንተኛው ወር

የመጀመሪያዎቹን የሀገራችንን አብራሪዎች ሕይወት በአንድ ክረምት አጠናቅቃለሁ ብዬ ነበር። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ እኔ ግን ገና ስድስተኛው ሰው ላይ ነኝ። ለእያንዳንዱ ሁለት ገጽ መድቤ የጀመርኩት ደብተር አሁን ለአንዱ ዐሥር ገጽ ሰጥቶ ለሌላው ግማሽ ገጽ አስተርፏል።

ትልቁን ስህተቴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነው ሚሽካ ባቢቼፍ የአብራሪነት ፈተናውን ያለፈው መስከረም 21 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። እኔ ግን ከውጭ ጽሑፍ ላይ 1930 የሚለውን እንዳለ ገልብጬ ከጎኑ «ዓ.ም.» ብዬ ጻፍኩበት። ገጹን ታላቅ እህቴ አነበበችውና «ማን ፈተነው፣ ግራዚያኒ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእኛ 1930 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ነበረች። ከዚያን ቀን ወዲህ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ በሁለት ቀለም እጽፋለሁ። ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ ከመጽሐፍ በፊት ግዙ።

ከጽሑፉ ጎን ለጎን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባውን፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረውን ፖቴዝ 25 የተባለ አውሮፕላን ሞዴል በኮምፔልሳቶ እየሠራሁ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱን ክንፎች እኩል ቆርጬ በኮላ አጣበቅኋቸው። ፎቶግራፉን አጉልቼ ሳየው ግን የታችኛው ክንፍ ከላይኛው በግልጽ ያጥራል። ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩት፣ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ሰበብ ስለ ክንፍ ማንበብ ያዝኩና ቀድሞ ያልገባኝ ነገር ገባኝ። ጅቡቲ በባሕር ጠለል ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ያንሳል፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያጥረዋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። የዚያን ዘመን ሰዎች ደካማ ሞተር ይዘው፣ ሣር ሜዳ ላይ ተንደርድረው ነው ከዚህ ከተማ የተነሡት። ከዚያ በኋላ «ደፋር ነበሩ» የሚለውን ቃል ከደብተሬ ሰርዤ የሜዳውንና የሞተሩን ነገር መጻፍ ጀመርኩ።

ግማሽ ገጽ ያገኘው ከኒው ዮርኩ ሐርለም ሰፈር የመጣው ትሪኒዳዳዊ ሂዩበርት ጁሊያን ነው። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የንጉሡን አውሮፕላን ከሰከሰና ከሀገር ተባረረ። ጨዋታው ጣፋጭ ነው፣ ሰዉም እሱን ማውራት ይወዳል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሚገባው በላይ ተወርቶለታል። ከሚሽካ ጋር በዚያው ሰሞን በረራ ያጠናቀቀውን አስፋው ዓሊን፣ ከጦርነቱ በፊት በረራ የተማረችውን ሙሉመቤት እምሩን ስንቱ ሰው በስም ያውቃቸዋል?

ዐሥር ገጽ የወሰደው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነው። በፍሎሪዳ ተወልዶ በሚሲሲፒ ያደገ፣ በቺካጎ አቪዬሽን የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መጣ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች ዓድዋን በቦምብ ሲደበድቡ እዚያው ነበር። በእጁ የነበሩት ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ፣ ለውጊያ ያልተሠሩ አውሮፕላኖች ናቸው፤ መልእክትና መድኃኒት ያመላለሱባቸዋል። እዚህ ላይ ገጹን ዘግቼው ነበር። ብዙው ጽሑፍም የሚያበቃው እዚሁ ነው።

ሰውዬው ግን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ወጣቶችን በረራ አስተማረ። በ1946 ዓ.ም. ደም ለማድረስ ሲበር አውሮፕላኑ ተከሰከሰ፤ መጋቢት 18 ቀን በጉዳቱ አረፈ፣ ጉለሌም ተቀበረ። ይህን ሳነብ የቀደሙትን ገጾች ሁሉ እንደገና ከፈትኩ። ሚሽካ በኋላ ዲፕሎማት ሆኖ ሞስኮ ሄዷል። በጦርነቱ ጊዜ በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላለሰው ስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን ሲያደራጅ ቆይቶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገደለ። አሁን የአንድን ሰው ገጽ የምዘጋው መቃብሩ ላይ ስደርስ ነው፣ የመጀመሪያ በረራው ላይ አይደለም። ደብተሩ የወፈረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰባተኛው ሰው ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ነው። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ 1946) በአሜሪካውያን አብራሪዎች ሥራ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ያገኘው እንደ ፈረንጆቹ በ1957 ነው። ስለ እነዚያ ዐሥራ አንድ ዓመታት ገና እያነበብኩ ነው። ፖቴዙም የታችኛው ክንፉ ተስተካክሎ ተጣብቋል፤ ኮላው እስኪደርቅ በሁለት ጡብ ተጭኖ መስኮት ላይ ተቀምጧል።